በክረምት አልከፈት የሚል የእንጨት በር፦ መላጊያ ከመነሣቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ሆሳዕና፦ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች፣ በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎችም፣ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ከሚደጋገሙ የቤት ችግሮች አንዱ የእንጨት በር መጣበቅ ነው። በጥር በአንድ እጅ ይገፋ የነበረ መዝጊያ በሐምሌና በነሐሴ በትከሻ ካልተገፋ አይንቀሳቀስም። የቁልፉ ምላስ ቀዳዳውን ይስታል፤ የመዝጊያው ጠርዝ ከመቃኑ ጋር እየተፋተገ ቀለሙ ይላጣል። ብዙ ባለቤቶች ወዲያውኑ አናጺ ጠርተው በሩን ያስልጋሉ። ችግሩ በዕለቱ የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን ያለ መጠን የተላገ በር ታኅሣሥና ጥር ሲደርስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያም አቧራ፣ ብርድና አይጥ ይገባል፣ መቆለፊያውም መያዝ ያቅተዋል። ከእንጨት ላይ የተነሣ ፍቅፋቂ ተመልሶ አይለጠፍም።

ስለዚህ በሩ ለምን እንደተጣበቀ፣ መላግ የሚያስፈልገውም መቼና ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብንም ቤትንም ያድናል።

ጉዳዩ ከምቾት በላይ ነው

የሚጣበቅ በር አደጋ ሲደርስ መውጫ ይከለክላል። በአንድ ጣሪያ ሥር ምድጃ በሚነድበት ቤት እሳት ቢነሣ፣ ከውስጥ ያለ ሕፃን ወይም አረጋዊ በትከሻው ገፍቶ ሊከፍተው የማይችለው በር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በተማሪዎች ማደሪያ፣ በሱቅና በጎተራም ነገሩ ያው ነው። በተቃራኒው፣ አልዘጋ ያለ በር ለሌባና ለአውሬ የተተወ በር ነው። በከብቶች ጋጣ ያለ መዝጊያ ሌሊት ሳይዘጋ ቢያድር የሚደርሰውን ጉዳት ለገበሬው መንገር አያስፈልግም። በመሆኑም በዋናው መውጫ ላይ ያለ መጣበቅ ክረምቱ እስኪያልፍ የሚታገሡት ነገር አይደለም፤ መፍትሔው ግን በአግባቡ የተለካ መሆን አለበት።

እንጨት ለምን ያብጣል?

እንጨት ከተቆረጠና ከደረቀም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ ለአየሩም ይሰጣል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 ከመቶ በሆነበት ስፍራ ለረዥም ጊዜ የቆየ እንጨት በውስጡ የሚይዘው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 8 ከመቶ ገደማ ነው። የአየሩ እርጥበት 80 ከመቶ ሲደርስ ይህ መጠን ወደ 16 ከመቶ ያድጋል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ ዝናባማና ጭጋጋማ፣ በጋዋ ደግሞ ፀሐያማ የሆነች ከተማ ናት። በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገናም ወቅቶቹ ተመሳሳይ ናቸው። በነዚህ ስፍራዎች ያለ በር በየዓመቱ ያብጣል፣ በየዓመቱም ይኮማተራል።

እብጠቱ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። እንጨት በቁመቱ፣ ማለትም ቃጫው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ የሚያድገው ከቁጥር የማይገባ ያህል ነው። በጎኑ፣ ከቃጫው ተሻግሮ፣ ግን በጉልህ ይሰፋል። በአናጺዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምታዊ ስሌት እንዲህ ነው፦ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ በ4 ከመቶ ሲጨምር የሳንቃው ስፋት በ1 ከመቶ ገደማ ይጨምራል።

ይህ ስሌት አንዱ በር ለምን ከሌላው የበለጠ እንደሚያስቸግር ያስረዳል። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ተጋጥመው በአግዳሚ እንጨት ላይ የተመቱበት መዝጊያ ይታሰብ። ውሃው በ4 ከመቶ ሲጨምር መዝጊያው 8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በ8 ከመቶ ሲጨምር ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር። በክፈፍ የተሠራ፣ መካከለኛ ሰሌዳው በቦይ ውስጥ ሳይጣበቅ የተቀመጠበት በር ግን የሚሰፋው በሁለቱ ቋሚ ክፈፎች ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጠቅላላ ስፋታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ነውና በ8 ከመቶ የውሃ ጭማሪ የሚያድጉት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጥንቃቄ የተሠራ የክፈፍ በር በክረምት እምብዛም የማይጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። በሳንቃ የተመታ በር የተመረጠ እንደሆነም ሳንቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይገፋፉ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት መተው ያስፈልጋል።

በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የቤት መሥሪያና የማገዶ ምንጭ ሆኗል። ፈጥኖ ያድጋል፣ ጠንካራም ነው፤ ሲደርቅ ግን ከብዙ እንጨቶች ይልቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቃጫውም ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ሲላግ ይቦጨቃል። ዋንዛ ደግሞ ቅርፁን ይዞ የሚቆይና ለመላጊያ የሚታዘዝ እንጨት በመሆኑ በአናጺዎች ዘንድ ሲፈለግ ኖሯል።

ጥፋቱ የበሩ ነው ወይስ የቤቱ?

መላጊያ ከማንሣት በፊት በሩ የት ላይ እንደሚነካ መለየት ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ የመቃኑን ውስጠኛ ጠርዝ በጠመኔ ቀብቶ በሩን ጥቂት ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው። ጠመኔው የተላለፈበት የመዝጊያው ክፍል የሚነካው ቦታ ነው። በሌላ በኩል ወረቀት በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል አስገብቶ ማንሸራተት ይቻላል፤ ወረቀቱ ተይዞ የሚቆምበት ቦታ የጠበበው ነው።

ቁመት እንደማያብጥ ካስታወሱ ምልክቶቹ ብዙ ይናገራሉ። በቁልፉ በኩል ከላይ እስከ ታች በእኩል መጠን የሚነካ በር በአብዛኛው አብጧል። አናቱ ላይ ብቻ፣ በቁልፉ በኩል ባለው ጥግ፣ ወይም ታች ደፉ ላይ የሚፋተግ በር ግን ብዙ ጊዜ ያበጠ ሳይሆን የዘመመ ነው።

ዘመም ያለበት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የላይኛው ማጠፊያ ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ መያዣውን ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል፤ መዝጊያው ከፍ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ላልቷል። መፍትሔውም ካቻቢቴ ነው፣ መላጊያ አይደለም። የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ አልይዝ ካለ፣ በኮላ የተነከረ የጠንካራ እንጨት ስንጥር ቀዳዳው ውስጥ መትቶ፣ ሲደርቅ ብሎኑን መልሶ ማሰር ወይም ረዘም ባለ ብሎን መተካት ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል በማጠፊያው በኩል ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ ደግሞ ማጠፊያው ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ካርቶን ማስገባት ያቃናዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቤቱ ራሱ ነው። በጭቃ የተሠራ ቤት ቋሚው መሬት ውስጥ በሚገባበት በኩል ሊበሰብስ ወይም በምስጥ ሊበላ ይችላል። ጥቁር የመረሬ አፈር ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያረፈ ግድግዳም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይህን ለማወቅ አንድ ሲባጎ ይበቃል። ከመቃኑ የላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ ከተለካ በኋላ፣ ከላይኛው ቀኝ እስከ ታችኛው ግራ ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መቃኑ ተዛብቷል። ቱንቢ ጥሎ የቋሚውን ቀጥተኛነት ማየትም ይረዳል። መቃኑ ተዛብቶ ሳለ በሩን መላግ ጫማው የጠበበበትን ሰው እግር እንደ መቁረጥ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ግድግዳው ጥቂት ሲዘም በሩ እንደገና ይያዛል። ቅድሚያ ለግድግዳውና ለውሃ መውረጃው ሊሰጥ ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት በየዓመቱ በጠርዙ ላይ የተደራረበ ቀለም ነው። እንዲህ ያለውን በር ቀለሙን አንሥቶ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ብቻ ሊያስከፍተው ይችላል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ግን ሕፃናት በሌሉበት፣ በውሃ አርጥቦ መፋቅና ብናኙን ሰብስቦ ማስወገድ ይገባል።

የእጅ መላጊያ

መላግ የሚያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ ለጥቂት ሚሊ ሜትር የእጅ መላጊያ ይበቃል። መሣሪያው ጥንታዊ ነው፤ በ79 ዓ.ም. (በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ የአናጺ መላጊያዎች ተገኝተዋል። አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም፦ ጠፍጣፋ ሆድ፣ ከሆዱ በጥቂቱ ብቅ ያለ ምላጭ፣ ምላጩን የሚያጠብቅ ሽብልቅ ወይም ብሎን።

የሥራው ስምረት የሚወሰነው በምላጩ ስለት ነው። ምላጩ በድንጋይ ተስሎ ወረቀትን ሳይቀድ የሚቆርጥ መሆን አለበት። ዱልዱም ምላጭ ሠሪውን እንዲጫን ያስገድደዋል፤ በተጫነ ቁጥርም እንጨቱ ይቦጨቃል። ምላጩ በጣም ጥቂት ብቅ ብሎ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ እንዲያወጣ ይደረጋል።

ከዚያ በሩ ከማጠፊያው ይወርዳል፤ ሁለት ሰው ቢይዘው ይመረጣል። የሚላገው ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ በጎኑ ይቆማል፣ እንዳይወድቅም በሞርሳ ወይም በሁለት ችካል መካከል ይጠበቃል። ቁልፉ ይወጣል፤ በጠርዙ ላይ ያለ ምስማር ሁሉ ይነቀላል። የሚነሣው መጠን በሁለቱም የመዝጊያው ፊቶች ላይ በእርሳስ ይሰመራል። ሠሪው ሲጀምር የመላጊያውን ፊት፣ ሲጨርስ ደግሞ ጀርባውን ይጫናል፤ ይህ ጠርዙ መሀሉ ከፍ፣ ጫፎቹ ዝቅ ብለው እንዳይቀሩ ይረዳል። አቅጣጫው ከቃጫው ጋር መሆን አለበት። ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ከወጣና ጠርዙ ከለሰለሰ አቅጣጫው ትክክል ነው፤ ከተቦጨቀ መዞር ያስፈልጋል። ጉጥ ባለበት ቦታ ምላጩን ይበልጥ ማሳሳትና መላጊያውን ጥቂት አግድም ይዞ መግፋት ይጠቅማል።

የበሩ አናት ወይም ታች በሚላግበት ጊዜ የቋሚው ክፈፍ የቃጫው ጫፍ ይገኛል። ከአንዱ ጥግ ጀምሮ በሌላው ጥግ የሚወጣ መላጊያ የመጨረሻውን ጠርዝ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ጥጎች ወደ መሀል ብቻ መላግ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ መላጊያ

በከተሞች ባሉ እንጨት ቤቶች የኤሌክትሪክ መላጊያ እየተለመደ መጥቷል። የጃፓኑ ማኪታ ኩባንያ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገሩ የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መላጊያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ መሣሪያው በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል። በውስጡ ያለው ምላጭ የተሸከመ ዘንግ በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። በእጅ ግማሽ ሰዓት የሚወስደውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ስሕተትንም በዚያው ፍጥነት ይፈጽማል።

በዚህ መሣሪያ አንድ ጊዜ ሲታለፍ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ማንሣት ይመከራል። ከሁለት ማለፍ በኋላ በሩን ወደ መቃኑ መልሶ መለካት፣ የመጨረሻውንም ማለስለስ በእጅ መላጊያ መፈጸም ጥሩ ልማድ ነው። የተረሳ አንድ ምስማር ምላጩን ሊሰብርና ስባሪውን ወደ ሠሪው ሊወረውር ይችላል። መሣሪያው በሁለት እጅ ይያዛል። ነጠላ፣ ጋቢና የተንጠለጠለ እጅጌ ይወገዳል፤ የዓይን መነጽርና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ይደረጋል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 (እ.ኤ.አ.) የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታልና መሸፈኛው እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ አይገባም።

መብራት ሲጠፋም የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ መሣሪያው ይቆማል፤ ማብሪያው ግን እንደበራ ይቀራል። መብራቱ ሲመለስ ባልታሰበ ሰዓት፣ ምናልባትም ሕፃን አጠገቡ ባለበት፣ መሽከርከር ይጀምራል። ስለዚህ ኃይል እንደጠፋ ማብሪያውን ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ግዴታ ሊሆን ይገባል። ምላጭ ሲቀየርም እንዲሁ። በዝናብ ወይም በእርጥብ መሬት ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግቶ መሥራት ፈጽሞ አይመከርም።

ምን ያህል ይላግ?

ወቅቱ መልሱን ይወስናል። እንጨቱ እጅግ ባበጠበት በነሐሴ የሚላግ በር ከመቃኑ ጋር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቢኖረው ይበቃዋል፤ ከዚህ በኋላ ስለሚኮማተር ክፍተቱ በራሱ ይሰፋል። በደረቁ ወቅት፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ የሚገጠም የክፈፍ በር ግን ለሚመጣው እብጠት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት በየጎኑ ሊተውለት ይገባል። ለሳንቃ በር ደግሞ ከዚህም የበለጠ ያስፈልጋል። በሩ የሚጣበቀው በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነና የሚከፈትም ከሆነ ጠርዙን ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና መቀባት ጊዜ ይሰጣል፤ ውሳኔውም ዝናቡ ሲቀንስ በተረጋጋ ሁኔታ ሊወሰድ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንድ ቀን ዝናብ ተናዶ 1 ሴንቲ ሜትር ማስላግ ለበጋው ሌላ ወጪ ይጠራል።

በቁልፉ በኩል ያለው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጥቂት ሰያፍ ሆኖ ቢላግ በሩ ያለ ፍትጊያ ይገባል። መጀመሪያ ወደ መቃኑ የሚገባው ማዕዘን ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ብዙ መነሣት ካለበት ደግሞ የቁልፉ ቦታ እንዳይበላሽ በማጠፊያው በኩል መላግና ማጠፊያውን መልሶ መቅበር ይሻላል።

ከተላገ በኋላ

አብዛኛው በር እንደገና የሚጣበቀው ከተላገ በኋላ ራቁቱን ስለሚተው ነው። የተላገው ጠርዝ በዚያው ዕለት ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም ለእንጨት የተዘጋጀ የተልባ ዘይት መቀባት አለበት፤ እንጨቱ ርጥብ ከሆነ ግን ጥቂት ደረቅ ቀናት ይጠበቃል። የበሩ አናትና ታች ከዓይን ስለሚሰወሩ ቀለም ሳይነካቸው ይቀራሉ፤ ውሃ በፍጥነት የሚጠጣው ግን የቃጫው ጫፍ ባለበት በዚያ በኩል ነው። ቅብ እርጥበትን ፈጽሞ አያስቀርም፤ ዝግ ብሎ እንዲገባና እንዲወጣ በማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል በግልጽ ስፍራ ተዘርግቶ መድረቅ ይኖርበታል። የጣሪያው ክፈፍ ዝናቡን ከበሩ የማያርቅ ከሆነም ክፈፉን ማስረዘም ወይም አሸንዳ ማድረግ ከማንኛውም ቅብ ይበልጣል።

ለሻጭ ገበሬና ለገዢ

የነገሩ ሥር ያለው በሩ በሚሠራበት ቀን ነው። በርጥብ እንጨት የተሠራ በር አንድ ጊዜ በብዛት ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም መላጊያ አያቃናውም። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ስስ እንጨቶች ገብተው፣ ከላይ ተከድኖ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ ይረበረባል። ጫፎቹ ቀለም ቢቀቡ አይሰነጠቁም። ባሕር ዛፉን በዚህ መንገድ አድርቆ የሚሸጥ ገበሬ የሚያቀርበው ማገር ሳይሆን የበር እንጨት ነው።

ገዢውም ደረቅነቱን በቀላሉ ማረጋገጥ ይችላል። ከጣውላው መሀል ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ ከዚያ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ሳያር በምድጃ አጠገብ ወይም በምጣድ ላይ በቀስታ ይደርቃል። ቁራጩ በመጀመሪያ 300 ግራም፣ ሲደርቅ 250 ግራም ቢመዝን፣ የጠፋው 50 ግራም ለ250 ሲካፈል 20 ከመቶ ይሆናል። ይህ ለበር ገና ርጥብ ነው፤ ከ12 እስከ 14 ከመቶ ቢወርድ ይመረጣል።

የተሠራ በር ከከተማ ተገዝቶ ከመናኸሪያ በመኪና ጣራ ላይ ሲጫን በክረምት ዝናብ ይመታዋል። በሸራ ወይም በፕላስቲክ መጠቅለል፣ ቤት ከደረሰም በኋላ ወዲያውኑ ሳይገጠም ጥቂት ቀናት በሚገጠምበት ክፍል ውስጥ ተደግፎ እንዲቆይ ማድረግ ይገባል። እንጨቱ የክፍሉን አየር ከለመደ በኋላ የሚወሰደው ልክ ለዓመቱ የሚዘልቅ ልክ ይሆናል።